ቀለም ያልተገኘለት አልጋ

ኅዳር 21፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ዛሬ አሥራ አራት አልጋ አነጠፍኩ። የሎጁ ግማሽ ባዶ ነው፣ ግን የልደት በዓል እየቀረበ ስለሆነ አለቃችን ሁሉም ክፍል ይሰናዳ ብሏል። ጎንበስ ስል ልጁ ጎድኔን ይገፋል። ቀና ስል ይተወኛል። አንሶላ መወጠር፣ ማዕዘኑን ማጠፍ፣ ከፍራሹ ሥር መወተፍ። ይህን እጄ ብቻውን ያውቀዋል፣ እኔ ሌላ ነገር አስባለሁ።

የማስበው አንድ ነገር ነው። የትንሿ አልጋ አንሶላ ምን ዓይነት ቀለም ይሁን? የትልቅ ሰው አልጋ ቀላል ነው፣ ነጭ። ስምንት ዓመት ነጭ ሳነጥፍ አንድ እንግዳ እንኳ ቀለም መርጦብኝ አያውቅም።

ደብተሬ፣ አንቺ ራስሽ የሎጁ የልብስ ማጠቢያ መዝገብ ነበርሽ። በየገጽሽ አናት «አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ፎጣ» የሚል ታትሞብሻል። ቱሪስት ሲጠፋ የሚጻፍብሽ ጠፋ፣ እኔ ወሰድኩሽ። እውነቱ የሚጻፈው አንቺ ላይ ብቻ ስለሆነ ልጻፈው፤ መውለጃዬ ታኅሣሥ 10 ነው። ወልዲያ ሄጄ አልትራሳውንድ ስታይ እንደዚያ አሉኝ። ወንድ ነውም አሉኝ። ወረቀቱ ሻንጣዬ ታች፣ ልብሴ መሃል ነው።

ለሰው የነገርኩት መውለጃ ጥር 25 ነው። ወር ተኩል ደብቄአለሁ። የሚያውቁት ባሌ ሞላ፣ እናቱ እማማ ዝማም፣ እኔ። አራተኛዋ አንቺ።

ከጓዳው ጎን ያለችውን ክፍል፣ ድሮ የእህል የነበረችውን፣ ሞላ ለስኖ ኖራ ቀባልኝ። ለጎረቤት የተነገረው ለልደት ከኩልመስክ የሚመጡ ዘመዶች ሊያርፉባት ነው ተብሎ ነው። እማማ ዝማም ውሸቱን የሚናገሩት እውነት እስኪመስለኝ ነው።

ኅዳር 23፣ ማታ

ሞላ ገባ። ሚኒባሱን ከወልዲያ ይዞ ሲመጣ ጋሸና ላይ ግማሽ ቀን አቁመውት ነበር። ማን እንዳቆመው አልጠየቅኩም፣ እሱም አልነገረኝም። አሁን አሁን እንዲህ ሆነናል።

ከመቀመጫው ሥር ፌስታል አወጣ። ውሃ ሰማያዊ አንሶላ፣ ትንሽ ትራስ፣ ብርድ ልብስ። ብርድ ልብሱ ላይ ትንንሽ መርከብ። የላስታ ልጅ መርከብ የት አይቶ ነው? ልስቅ ፈልጌ ነበር። እጄ ግን አልነካውም አለ። ሞላ አልጋው ላይ ዘርግቶት «ለወንድ ሰማያዊ ነው» ይላል፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ መግባት አቃተኝ።

ልጻፈውና ይውጣልኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሁሉም ነገር ሰማያዊ ነበር። ወሩን አገር ያውቀው ነበር። ገበያ ላይ ስንት ቀረሽ ሲሉኝ በጣቴ ቆጥሬ እነግራቸው ነበር፣ ደስ እያለኝ። በቀኑ ምጥ መጣ። በቀኑ ተወለደ። ድምፅ አላሰማም። ወንድ ነበር፣ ፀጉሩ ብዙ ነበር። እማማ ዝማም ሰማያዊውን ሁሉ ጆንያ ውስጥ ከትተው ወሰዱት፣ የት እንዳደረሱት እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።

እሳቸው ሾተላይ ነው፣ በዓይን የገባ ነው ይላሉ። ስለዚህ ይሄኛው እንዲተርፍ ወሩ አይታወቅ፣ ጾታው አይታወቅ፣ ዕቃው አይታይ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እኔ ደግሞ አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ በዚህ አላምንም። ለምን ደበቅሽ ትይኝ ይሆናል። ያንን ልጅ ከቀበርኩ ወዲህ የማላምንበትንም እፈራለሁ።

ሞላ አንሶላውን አጣጥፎ ወደ ፌስታሉ መለሰው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ገበያ። ከመውጣቴ በፊት ከእማማ ዝማም ጋር ስለ ቀለም ጉባኤ ተቀመጥን።

ነጭ አልኩ። ነጭ ለገነዝ ነው አሉ። ቢጫ አልኩ። ቢጫ የወፍ በሽታ ይጠራል፣ የእገሌ ልጅ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የቀረው በቢጫ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው አሉ። ቀይ ደም ነው። ጥቁር ሐዘን ነው። አረንጓዴን ሞላ ራሱ ተቃወመ፣ በዚህ ጊዜ ለወታደር የሚመስል ነገር ቤቴ አይገባም ብሎ። ሰማያዊን ማንም አላነሳውም። ለአንድ ክንድ ጨርቅ የእግዜር ቀለም አልቆ ተገኘ።

የእሳቸው ሐሳብ፦ መጀመሪያ ነገር አዲስ ጨርቅ አያስፈልግም። ልጅ በእራፊ ነው የሚጠቀለለው፣ አሮጌ ነጠላ፣ ሽማግሌ የለበሰው። አዲስ ነገር ዓይን ይስባል። ግድ ቀለም ይኑረው ካልሽ ደግሞ ሮዝ አድርጊው፣ ሴት ይምሰል።

ሮዝ እንኳን አላደርግም ብዬ ወጣሁ። ቁልቁለቱን ስወርድ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። ሆዴ ከብዷል፣ ነጠላዬን አስፍቼ ነው የምሸፍነው።

እትዬ ከድጃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ከወገል ጤና መጥተው እዚህ ከከረሙ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፣ የላሊበላን ቤት ሁሉ መጋረጃ ያውቁታል። ለሎጁ ነው አልኳቸው፣ ለመደርደሪያ ማልበሻ። እሳቸው ቀና ብለው አላዩኝም። ከታች፣ ከተደራረበው ሥር፣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ አወጡ፤ ቀለሙ የገብስ ነዶ ቀለም፣ ቢጫም ያልሆነ፣ ቡኒም ያልሆነ። በጉንጫቸው ነክተው አቀበሉኝ። መደርደሪያ በጉንጭ ይለካል እንዴ ልላቸው አስቤ ተውኩት። ስንት ልቁረጥ ሳይሉኝ ቆረጡት። ቤት ገብቼ ስለካው የትንሿ አልጋ ልክ ነው፣ ማጠፊያው ሳይቀር። ስወጣ «አብሽሪ ልጄ» ብለውኝ ነበር። ስለ ምኑ ነው የማበሽረው?

ታኅሣሥ 1፣ ከሰዓት

የክትትል ቀን ነበር። ጤ/ጣቢያ አግዳሚው ሙሉ ነው።

ካርድ የምታወጣው ወይንሸት ናት፤ የአጥራችን ጎረቤት። ለጤ/ጣቢያውም የዋሸሁት በእሷ ምክንያት ነው። እውነተኛው ቀን ካርዴ ላይ ከተጻፈ ወይንሸት ታነባለች፣ ወይንሸት ካነበበች ለእህቷ ትነግራለች፣ እህቷ ውሃ ስትቀዳ... እንዲህ እያልኩ ነው። ዛሬም ካርዴን ስታቀብለኝ ፊቷን አጠናሁት። ቸኩላ ነበር።

ሲ/ር ብርቄ ሆዴን በሜትር ለካች። ካርዱን አየች። እንደገና ለካች። ሆዴ ከወሩ ይበልጣል አለችኝ፤ መንታ ይሆን፣ ሽርት ውሃ በዝቶ ይሆን፣ ወይ ቀኑን ተሳስተሽ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። አልተሳሳትኩም አልኳት። ዓይኗን እያየሁ። የወር አበባሽን እርግጠኛ ነሽ አለችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ሆስፒታል ሄደሽ አልትራሳውንድ ታዪ ብላ ወረቀት ጻፈችልኝ፤ ዛሬ ነገ ሳትይ አለችኝ።

እሺ አልኩ። ወረቀቱን አጣጥፌ ከወልዲያው ወረቀት ጋር ከተትኩት። ሻንጣዬ ታች ሁለት ወረቀት አለ አሁን፣ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ።

ስወጣ አንዷ አግዳሚው ላይ ያለች ሴት ሕመሟን አልናገር ብላ ስትሽኮረመም ሲ/ር ብርቄ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትላት ሰማሁ። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው። እርምጃዬን አፈጠንኩ።

ታኅሣሥ 4

አልጋው መጣ። ሞላ አናጺውን የሽንኩርት መደርደሪያ ሥራልኝ ብሎ ነበር ያዘዘው፣ ልኩን ሰጥቶ። አናጺው አራት ጎኑ የተከለለ፣ እግሩ የማይወላገድ፣ ጠርዙ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ ሳጥን አምጥቶ አስቀመጠ። እጄን አሳለፍኩበት፣ አንድ ስንጥር የለውም። ለሽንኩርት እንዲህ የሚጨነቅ አናጺ ላስታ ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ሞላ ግን የለም። ትናንት ወልዲያ ወጥቶ ዛሬ መመለስ ነበረበት። መንገድ ተዘግቷል ይላሉ፤ ፍላቂት ድረስ ይኬዳል ያለም አለ፣ አይኬድም ያለም አለ። ኔትዎርክ የለም። ከሰዓት በኋላ ከታች በኩል ተኩስ ሰማሁ፣ ሦስት ይሁን አራት። ከዚያ ጸጥ። ከዚያ የጎረቤት አህያ።

ልጁ በተኩሱ ጊዜ ደነገጠ፣ ሁለት እጁን የዘረጋ መሰለኝ። ስቄ ሆዴን ያዝኩት። ይህን ስጽፍልሽ ደስ ብሎኛል፣ ሕያው ነው።

ታኅሣሥ 6

ከእማማ ዝማም ጋር ተጣላን። ከሥራ ስገባ ትንሿ አልጋ ላይ ሮዝ ትራስ ተቀምጧል፣ በእጃቸው የሰፉት፣ ጥልፍ ያለው። አንስቼ ጓዳ ወረወርኩት። ልጄን ገና ሳይወለድ አላዋርደውም አልኩ። ክፉ ነገር ተናገርኩ፤ የመጀመሪያውን የገደለው የእርስዎ ወሬ ነው አልኳቸው።

ቁጭ ብለው ነገሩኝ። በአሥር ዓመት ትዳሬ ሰምቼው አላውቅም። ከሞላ በፊት ሦስት ወንድ ቀብረዋል። ሞላን ሲወልዱ ባላቸው ደጅ ላይ ለቆመው ሰው ሴት ናት አለ። እልልታው የሴት ሆነ። እስከ አምስት ዓመቱ ቀሚስ አልብሰው፣ ፀጉሩን ሹሩባ ሠርተው፣ «ሙሉ» በሚል የሴት ስም እየጠሩ አሳደጉት። እሱ ተረፈ። በምን እንደተረፈ እኔ አላውቅም ልጄ፣ አሉኝ፤ ብቻ ካደረግሁት ውስጥ አንዱን ብተወው ይሞትብኝ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ሄጄ ትራሱን አነሳሁት። አቧራውን አራግፌ መለስኩላቸው። አልጋው ላይ ግን አላስቀመጥኩትም።

ሞላ አልመጣም።

ታኅሣሥ 10፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል

ቀኑ ይኸው ነው።

ጠዋት ተጣጥቤ ንጹሕ ልብስ ለበስኩ። ሥራ አልገባሁም፣ ጥርሴን አመመኝ አልኩ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። እማማ ዝማም ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓዳ። ምንም የለም። ወገቤ እንኳ አልነካኝም። አምስት ሰዓት ላይ ወይንሸት በአጥሩ በኩል ደህና ነሽ ወይ ብላ ተጣራች። እንዲህ አድርጋ ጠይቃኝ አታውቅም። ደህና ነኝ፣ ጥርሴን ነው አልኳት። እሺ የኔ እናት ብላ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ሄደች።

ሞላ በሰው መልእክት ላከ። ወልዲያ ነው፣ ደህና ነው፣ መንገዱ ሲከፈት ይመጣል። መልእክቱን ያመጣው ሰው ሆዴን አይቶ ዓይኑን መለሰ።

ታኅሣሥ 12

ወሰንኩ። የገብሱ ቀለም። የማንም ቀለም አይደለም፣ ማንም አልሞተበትም። በሎጁ ሲንጀር ሰፋሁት፣ እሑድ ስለሆነ ማንም አልነበረም። አንሶላ ሁለት፣ የትራስ ልብስ አንድ፣ የብርድ ልብስ ሽፋን አንድ። ተኮስኩት። ቤት አምጥቼ አነጠፍኩት፣ አራቱን ማዕዘን ወጥሬ፣ ሳንቲም ብትጥይበት የሚነጥር።

አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት። ከብዙ ቀን በኋላ ልቤ ረጋ። እንዲህ ያለ አልጋ ለአንድም ፈረንጅ አንጥፌ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ። ቁጭ ብዬ ሳለሁ እንቅስቃሴውን ጠበቅኩ። ድሮ ዝም ስል ነበር የሚጀምረኝ። ቆየ። በመጨረሻ አንዴ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደ መንሸራተት አድርጎ ተወኝ። ቦታ ጠቦት ነው ይላሉ እማማ ዝማም።

ታኅሣሥ 14

ጠዋት ሆዴ ደንደን ይል ጀመር። ይመጣል፣ ይሄዳል። እማማ ዝማም ፊታቸው በራ፣ ውሃ ጣዱ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት። አልጨመረም። ፈራሁና ጤ/ጣቢያ ሄድኩ። እውነቱን እነግራት ይሆን እያልኩ ነበር መንገዱን ሁሉ።

ሲ/ር ብርቄ ማዳመጫዋን ሆዴ ላይ አስቀምጣ ሰማች። ልቡ ደህና ነው አለችኝ። ደስ አለኝ፣ በደስታዬ ውስጥ እውነቱን ዋጥኩት። ከዚያ ካርዱን አይታ ተቆጣች። ገና ስምንት ወር አልሞላሽም፣ ሎጅ ውስጥ ፍራሽ ስታገላብጪ ያለጊዜው ልታወጪው ነው አለች። አልትራሳውንዱስ አለችኝ። በዓሉ ካለፈ እሄዳለሁ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ተኚ፣ ከባድ አታንሺ፣ ሆድሽ ሲደነድን ውሃ ጠጪና ጋደም በይ፣ ይህ ልጅ አሁን እንዲመጣ አንፈልግም አለችኝ። ለእኔ ብላ ነው። በያዘችው ወረቀት መሠረት ትክክል ናት።

ቤት ገብቼ ተኛሁ። ውሃ ጠጣሁ። ማታ መደንደኑ ቆመ።

ደብተሬ፣ ምጥ ነበረ መሰለኝ። ምጤን አስተኛሁት መሰለኝ።

ታኅሣሥ 16

ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከጠዋት እስከ ማታ ሦስት። ትናንት አምስት ነበር። ቆጥሬ እዚህ የምጽፈው ነገር አይደለም፣ ግን ከጻፍኩት ይኸው።

የኩልመስክ ዘመዶች ገቡ፣ ባልና ሚስት፣ እግራቸው አቧራ ለብሶ። ለልደት ቀደም ብለው ነው የመጡት፣ መንገዱ ሳይብስ ብለው። ለጎረቤት የተነገረው ውሸት እውነት ሆኖ ቤታችን ገባ። ክፍሏን ክፈቱላቸው ተባለ። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ትንሿን አልጋ አየች፣ የተወጠረውን አንሶላ አየች፣ እኔን አየች። እኛ ምድጃው አጠገብ ይበቃናል አለች። ባሏ ለምን ሲል ክንዱን ይዛ መለሰችው።

ጾም ነውና ሽሮ አቀረቡልኝ፤ ሳህኑን ለዘመዶቹ አሳለፍኩት። የፈሩት ይደርሳል የሚለው ነገር ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ ነው። እየፈራሁ እንዳላመጣው ደግሞ እፈራለሁ።

ታኅሣሥ 17

ሁለት።

ክፍሏ ገብቼ አንሶላውን አነሳሁት። መልሼ አነጠፍኩት። አነሳሁት። ሰማያዊ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ሮዝ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። እብደት ነው፣ አውቃለሁ። ጨርቅ ነው። ስለ ጨርቅ ሳስብ ስለ ሌላው ማሰብ አይኖርብኝም፣ ለዚያ ነው። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ነው ያደረግኩት።

ሲ/ር ብርቄን ሄጄ ልንገራት ወይ ብዬ እማማ ዝማምን ጠየቅኳቸው። አሁን ከተነገረ እስካሁን የደበቅነው ሁሉ ከንቱ ይሆናል አሉ። ሁለት ቀን ነው የቀረው፣ ገብርኤል ሳያልፍ ትወልጃለሽ፣ እሱ ከእሳት ያወጣ ነው አሉ። ሲናገሩ ጣቶቻቸው ነጠላቸውን ያሻሹ ነበር።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት

አንድ። ምሳ ሰዓት ላይ። ከእሱ ወዲህ የለም።

ታኅሣሥ 19፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ጤ/ጣቢያ

አግዳሚው ላይ ሆኜ ነው የምጽፍሽ። መኪና እየተፈለገ ነው። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቼ በግራ ጎኔ ተኛሁ፣ ሆዴን ጫን ጫን አደረግኩት፣ አነጋገርኩት። አልመለሰልኝም። ሲነጋ ተነስቼ ሻንጣውን ገለበጥኩና ሁለቱን ወረቀት አወጣሁ። እማማ ዝማም ለንግሥ ለብሰው ነበር። ልነግር ነው አልኳቸው። በሩን ይዘው ቆሙ። ዛሬ ገብርኤል ነው፣ እሱ ያውቃል፣ አንቺ ዝም በይ አሉኝ። ወይ ይልቀቁኝ ወይ እዚሁ እጮሃለሁ አልኳቸው። እጃቸው መዝጊያው ላይ ነበር። አየሁት፣ አርጅቷል። ለቀቁት።

ሕዝቡ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ መንገዱ ባዶ ነበር። ብቻዬን ነው የወረድኩት።

ካርድ ክፍል ወይንሸት ነበረች፣ ተረኛ። ካርዴን ልታወጣ ስትነሳ አይደለም አልኳት፣ ቀኑ ስህተት ነው፣ ዋሽቻለሁ፣ መውለጃዬ አልፏል። የወልዲያውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አላነሳችውም። እስክሪብቶ አውጥታ ካርዴ ላይ ያለውን ጥር 25 ሰረዘች።

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችኝ። ታውቅ ነበር። በሚያዝያ አጥሩ ሥር ሳስመልስ አይታኝ ቆጥራለች። እህቷም ቆጥራለች። ሰፈሩ ሁሉ ቆጥሯል። እኔ ጥር ስል እነሱም ጥር አሉ፣ የመጀመሪያውን ስለሚያውቁ፣ ምስጢሬን የሚሰብር አንድ ሰው አልተገኘም። ሲ/ር ብርቄ ዘንድ ካርድሽን ይዘሽ በገባሽ ቁጥር ልነግራት አፌ ላይ ይደርስ ነበር አለችኝ፤ ባወጣው ደግሞ ልጇን በአፏ በላችው እባላለሁ ብዬ ፈራሁ።

ደብተሬ፣ እኔ ከዓይን ነበር የደበቅኩት። ዓይኑ ሁሉ አይቶ ዝም ብሎልኛል። የተታለለችው ሜትር የያዘችው ብቻ ናት።

ሲ/ር ብርቄ ሁለቱን ወረቀት አንብባ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አስተኛችኝ። ማዳመጫዋን ወደ ግራ አደረገች። ወደ ቀኝ። ወደ ታች። ዓይኗን ጨፈነች። ወይንሸት በሩን ይዛ ቆማለች። ከዚያ ጣቷን አነሳችና በአየር ላይ መታችልኝ። እንዲህ። እረፍት። እንዲህ። እረፍት። አለ አለችኝ፣ ግን ደክሟል፣ አሁኑኑ ሆስፒታል፣ ምናልባት ቀዶ ጥገና። ይደርሳል ወይ አልኳት። የሆስፒታሉን ወረቀት ልታመጣ ተነሳች።

አምቡላንሱ ገጠር ወጥቷል። የባጃጆቹ ልጆች ንግሥ ላይ ናቸው። ወይንሸት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ልትፈልግ ሮጣለች። ከዚህ እሰማታለሁ፣ በየደጁ እየተጣራች፣ ስሜን እየጠራች፣ ልትወልድ ነው እያለች። አገር ሁሉ እየሰማ ነው። ትጥራ።

ሲ/ር ብርቄ የሆስፒታሉን ወረቀት ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ከአፌ መስማት አለብኝ አለችኝ፣ መውለጃሽ መቼ ነበር? አግዳሚው ላይ ያሉት አምስት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ።

ታኅሣሥ አሥር አልኩ። ወንድ ነው አልኩ። ጮክ ብዬ።

ሞተር ሰማሁ መሰለኝ